ዋርፋሪን እየወሰዱ ጂም፦ ለጭድ ተራ ልጆች ከፋርማሲስት

በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቩን የጎዳበት ወጣት በአገራችን ብዙ ነው። ጭድ ተራ አካባቢ ጂም የምትሠሩ፣ ከእናንተ መካከል ቫልቭ ተቀይሮለት ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ካለ ይህ ለእሱ ነው።

በመልቲቫይታሚንና በአንዳንድ የፕሮቲን ዱቄት ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ያዳክማል፤ ደም ቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላል። (ጎመንም አለው፤ አትተዉት፣ መጠኑን ብቻ አታለዋውጡ።) ዱቄቱን ከመጀመራችሁም ከማቆማችሁም በፊት ለሐኪም ንገሩ፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያው) ይለካ።

ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ፖታሲየም ያለበት ዱቄት የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ከስፖርት በፊት የሚጠጣው ማነቃቂያ ነው። አንድ ማንኪያው ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን ይይዛል። ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የቀኑ ጣሪያ 400 ገደማ ነው፤ ያውም አቦል፣ ቶናና በረካው ተቆጥሮ! ኤፌድራ የተባለ ማነቃቂያ ያለበትን ማሟያ አሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. ያገደችው ልብን ስለሚጎዳ ነው። መለያው ላይ ዮሂምቢን የሚል ማነቃቂያ ካነበባችሁም መልሱት።

ክሬቲን የምትወስዱ፣ ለኩላሊት ምርመራ ስትሄዱ ተናገሩ፤ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

መለያው ተልጦ ወይም በላስቲክ ተመዝኖ የቀረበላችሁን አትግዙ። ጣሳውንና የመድኃኒት ካርዳችሁን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲ ጎራ በሉ፤ አብረን እናነባለን።