ኮመዲኖ የት የት ጋ ነው የሚያረጀው?

ያስረጀሁትን ኮመዲኖ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አቦ፣ እንዴት አድርገህ ነው ያስረጀኸው?» ይላል። ሌላው «አሁን ይሄ ምን ይሉታል?» ይላል። ሁለተኛውም ይገባኛል። እዚህ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ አሮጌ ዕቃ አሸክሞ አናጢ ጋ የሚሄድ ሰው የሚፈልገው አዲስ እንዲመስልለት ነው፤ ቫርኒሹ ተደራርቦ ፊት እስኪያሳይ ድረስ። ገንዘቡን ከፍሎ አሮጌ የሚያስመስል ሰው ጤነኛ አይመስልም።

እኔን የሳበኝ እንጨቱ ነው። ዛሬ ሱቅ የተደረደረው አብዛኛው ዕቃ ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈ ልባስ ነው፤ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከላላ ተመልሶ አይይዝም። ከቆራሌ የምትገዙት ቀለሙ የተላላጠ ጠረጴዛ ግን ከስሩ ዋንዛ ሊሆን ይችላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሏል፤ አዲስ የዋንዛ ሳንቃ ገዝቶ ዕቃ ማሠራት ለእኔ ቢጤው አይታሰብም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት። መሳቢያውን አውጡና ቀለም ያልደረሰበትን ቦታ በቢላ ፋቅ አድርጉ። ዋንዛ ቡናማ ነው። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ጽድ ቀላ ይላል፣ ሲፋቅ ደግሞ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ያገኛችሁት ደህና ዋንዛ ከሆነ እባካችሁ ምንም አታስረጁት። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ጠርጉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ሰም ቀቡት፣ አበቃ። ማስረጀት የሚያስፈልገው ፈዛዛ እንጨት ነው፤ ወይም ሰባራ እግሩ በአዲስ እንጨት ተተክቶ አዲሱ ከአሮጌው አልመሳሰል ያለ ዕቃ። የእኔ ኮመዲኖ ሁለተኛው ነበር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከወጥ ቤት አይወጣም። የድስት ማጠቢያ ሽቦ (ሳሙና የሌለበትን) ውሰዱና ቅባቱ እንዲለቅ በኦሞ እጠቡት። በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አቼቶ አፍስሱበት። ክዳኑን አታጥብቁ፤ ብረቱና አሲዱ ሲገናኙ ጋዝ ይወጣል። አጠገቡም እሳት አይኑር። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አጥልሉት። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሳችሁ በኋላ በመጀመሪያ በጣም የወፈረ ጥቁር ሻይ ቀቡት። ሲደርቅ የአቼቶውን ውሃ በላዩ በብሩሽ አስኪዱበት። ዓይናችሁ እያየ መጥቆር ይጀምራል። ሻይ ውስጥ ታኒን አለ፤ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል፤ የድሮ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ቀለም የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነበር። አንዳንዱ እንጨት በራሱ ብዙ ታኒን ስላለው ያለ ሻይም ይጠቁራል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ከስር፣ ሰው በማያየው ቦታ ሞክሩ የምለው። ጓንት አድርጉ፤ ጣትም ይጠቁራል።

እስከዚህ ማንም ይሠራዋል። የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። ኢንተርኔት ላይ የምናየው «ያረጀ» ዕቃ አብዛኛው በሰንሰለት የተደበደበና ከየአቅጣጫው እኩል የተፋቀ ነው። ዕቃ እንደዚያ አያረጅም። እንደ ጫማ ነው፤ ሰው በረገጠው በኩል ነው የሚያልቀው። ኮመዲኖ የሚያልቀው እጀታው ዙሪያ፣ ጣት በሚነካው የመሳቢያ ጠርዝ፣ ከላይ በፊት ለፊቱ ጫፍ ነው። ወንበር መደገፊያው አናት ላይና እግር በሚያርፍበት የታችኛው አግዳሚ ላይ ያልቃል። ጀርባውና የውስጥ ማዕዘኑ አያልቅም፤ እዚያ የሚሰበሰበው እድፍ ነው። ስለዚህ ፍቁን ከእጅ መንገድ ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ሰም ከማዕዘኑ። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ሙቀቱን ለማብረድ ወለሉ ውሃ ስለሚረጭበት የዕቃው እግር ከታች ጣት በሚያህል ከፍታ ይጠቁራል። በር አጠገብ የኖረ ዕቃ ከሆነም ፀሐይ የመታው ጎን ብቻ ይነጣል። እነዚህን ሁለቱን የጨመረ ሰው የመጋላ ዕቃ ሠራ ማለት ነው።

ቀለም የተላጠ የሚመስለውን ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀለም ቀቡ፤ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን በሻማ እሹት፤ ከዚያ የሰፈራችንን ግድግዳ የመሰለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ደርቡበት። ሻማው ባለበት ቀለሙ አይይዝምና በጭረት ይነሳል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን እንደ መርዝ ቁጠሩት። በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በእርጥቡ ይሁን። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ ሌላ ቦታ ሥሩት፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። መተንፈሻ መሸፈኛም አይቅር።

ቫርኒሽ ለሚቀባ ሰው የድሬ አየር ጠላት ነው። እኩለ ቀን ላይ ብሩሹ ሳይነሳ ይደርቅና መስመር ይተዋል፤ ከሰዓት ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ከተነሳ አሸዋው ላዩ ላይ ይለጠፋል። ንጋት ላይ፣ በጥላ፣ በስሱ ቀቡ። እኔ ግን የንብ ሰም ነው የምመርጠው። የሚቀልጠው 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በእኛ ሙቀት አይፈስም፤ ፀሐይ ላይ ካላኖራችሁት በቀር።

በመጨረሻ፣ ዕቃ ልትሸጡ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች «የፈረንሳዮቹ ጊዜ ነው» የሚል ታሪክ ለማንኛውም ወንበር ይዘጋጅለታል። ወሬውን ትታችሁ ብሎኑን እዩ። በመስቀለኛ ካቻቪቴ የሚፈታው ብሎን ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ብሎን በጥገና ሊቀየር ይችላል፤ ሁሉም መስቀለኛ ከሆነና ሌላ የድሮ ቀዳዳ ከሌለ ግን ወንበሩ ከባቡሩ ጋር አልመጣም። ሰው የማይነካው የስሩ ክፍል እንደ ላዩ እኩል ከጠቆረም አቼቶ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። እኔ በሠራሁት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ከስሩ እጽፋለሁ፤ ዋጋውም የአዲስ ሥራ ዋጋ ነው።