ብስክሌቱ 16 ኪሎ፣ ሒሳቡ 40 ኪሎ

በጥቅል አጓጓዥ ድርጅት ብስክሌት የሚልክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ የሚሳሳተው ከሚዛን ስለሚነሳ ነው። ሚዛኑ 16 ኪሎ ይላል፤ ደረሰኙ ግን የ40 ኪሎ ክፍያ ይዞ ይመጣል። ላኪው ተጭበረበርኩ ብሎ ይቆጣል። ያጭበረበረው ግን የለም። የከፈለው ለብስክሌቱ ክብደት ሳይሆን ካርቶኑ በመኪናው ውስጥ ለያዘው ቦታ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያንኑ ብስክሌት፣ በዚያው ድርጅት፣ ለዚያው ከተማ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ሊልክ ይችላል።

ጉዳዩ አንባቢያችንን በሁለት በኩል ይመለከታል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ያገለገለ ብስክሌት ከሩቅ ከተማ ገዝተው ወደሚኖሩበት ሲያስመጡ፣ ከዚያም ወደ አገር ቤት ሲልኩ የመጀመሪያው ወጪ ይኸው ነው። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የሚከፈል እያንዳንዱ የማጓጓዣ ኪሎ የነጋዴውን ትርፍ በቀጥታ ይነካል። ባሕር ዳርና ሐዋሳን የመሳሰሉ ብስክሌት የለመዱ ከተሞች ደግሞ ገበያው እንዳለ ይመሰክራሉ። ጥያቄው ዕቃው ስንት ፈጅቶና በምን ይዞታ ይደርሳል የሚለው ነው።

የጭድ ጭነት ሒሳብ

ነገሩን ለመረዳት ጭድ የጫነ አይሱዙ ማሰብ ይበቃል። ጭዱ ከመኪናው አቅም በታች ቢመዝንም ለሌላ ዕቃ ቦታ አያስተርፍም። ባለመኪናው በኪሎ ቢያስከፍል ይከስራል። እንደ ዩፒኤስና ፌዴክስ ያሉት የአሜሪካ አጓጓዦችም የሚያስቡት እንዲሁ ነው። የካርቶኑን ርዝመት፣ ከፍታና ውፍረት በኢንች ለክተው ያባዛሉ፤ ውጤቱን በአንድ ቋሚ ቁጥር ያካፍላሉ። የሚገኘው ቁጥር የይዘት ክብደት ሲሆን የሚቆጠረው በፓውንድ ነው። ከይዘት ክብደቱና ከሚዛኑ ክብደት ለክፍያ የሚያዘው የሚበልጠው ነው።

አካፋዩ ቁጥር ባነሰ መጠን ክፍያው ይጨምራል። ፌዴክስ እ.ኤ.አ. በ2017 አካፋዩን ከ166 ወደ 139 አውርዷል፤ ዩፒኤስም በዚያው ዓመት ለመደበኛ ደንበኞቹ ታሪፍ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። ርዝመቱ 54፣ ከፍታው 28፣ ውፍረቱ 8 ኢንች የሆነ የብስክሌት ካርቶን በቀድሞው ስሌት 73 ፓውንድ ይታሰብ ነበር። ከለውጡ በኋላ ያው ካርቶን 88 ፓውንድ ሆነ። ይህም 40 ኪሎ መሆኑ ነው። በሚዛን ላይ ግን ከነብስክሌቱ 35 ፓውንድ ወይም 16 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

በመሆኑም ቀለል ያለ ኮርቻ ወይም ቀጭን ጎማ በመግጠም ዋጋ አስቀንሳለሁ የሚል ላኪ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከብስክሌቱ ላይ 5 ኪሎ ቢቀነስ እንኳ ክፍያው ንቅንቅ አይልም። የሚያዋጣው ካርቶኑን ማሳነስ ነው።

ውዱ ኢንች የትኛው ነው?

ሦስቱ ልኮች እኩል ዋጋ የላቸውም። ከላይ በተጠቀሰው ካርቶን ላይ ርዝመቱ በአንድ ኢንች ቢጨምር የይዘት ክብደቱ በ1 ተኩል ፓውንድ ገደማ ከፍ ይላል። ከፍታው በአንድ ኢንች ቢጨምር ጭማሪው 3 ፓውንድ ያህል ነው። ውፍረቱ በአንድ ኢንች ቢጨምር ግን 11 ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም 5 ኪሎ ይከፈልበታል። ከእነዚህ ሁሉ ውዱ የውፍረት ኢንች ነው።

ብዙ ላኪዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ 8 ኢንች ተብሎ ይገዛል፤ የጎማው አክስልና የመሪው ጫፍ ከውስጥ ሲገፉት ግን መሐሉ ያብጣል። አጓጓዡ የሚለካው ያበጠውን ቦታ ነው። ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሁለቱም ድርጅቶች ከኢንች የተረፈችውን ክፋይ ሁሉ ወደሚቀጥለው ሙሉ ኢንች ያስጠጋሉ። በዚህ ስሌት ካርቶኑ እስከ 10 ኢንች ከሩብ ቢያብጥ 11 ኢንች ተብሎ ይያዛል፤ 88 የነበረው የይዘት ክብደት 120 ፓውንድ ይሆናል። መለኪያው በመሣሪያ በመሆኑ ላኪው የሞላው ልክ ስህተት ከሆነ ልዩነቱ ኋላ ላይ ተጨምሮ ይመጣበታል።

ከዚህ ሌላ የመጠን ቅጣት የሚባል ነገር አለ። ረጅሙ ጎኑ ከ48 ኢንች ያለፈ ጥቅል ተጨማሪ የአያያዝ ክፍያ ይጠየቅበታል። ሙሉ መጠን ያለው ብስክሌት ከዚህ የሚያመልጠው እምብዛም ስለሆነ በወጪ ግምቱ ውስጥ ቀድሞ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ያለው የትልቅ ጥቅል ክፍያ ግን ብቻውን ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ ሊሸሹት የሚገባ ነው። ለረጅም ዓመታት መነሻው ርዝመትና ዙሪያ ተደምረው ከ130 ኢንች ማለፋቸው ነበር። ዙሪያ ማለት የከፍታና የውፍረት ድምር እጥፍ ነው። የምሳሌያችን ካርቶን ድምሩ 126 ይመጣል፤ ያበጠው ግን 132 ይሆናል። በአሜሪካ መንግሥት ፖስታ ዘንድ ከ130 ኢንች ወይም ከ70 ፓውንድ ያለፈ ጥቅል ጭራሹን አይወሰድም። የግል ድርጅቶቹ መመዘኛቸውን በየጊዜው ስለሚከልሱ በተላከበት ቀን የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

አፈታትና አስተሻሸግ

ካርቶኑ ብዙ ወጪ አያስወጣም። የብስክሌት መደብሮች አዲስ ብስክሌት ገጥመው ካርቶኑን ስለሚጥሉት ቀድሞ ለጠየቃቸው በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይሰጣሉ። እርጥበት ያልነካውን፣ ጠርዙ ያልተቀደደውን መምረጥና የቀድሞ አድራሻ ወረቀቶችን ሁሉ መላጥ ያስፈልጋል።

አፈታቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚወጡት ፔዳሎቹ ናቸው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን ጥርሱ ተቃራኒ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ መታገል የብረቱን ጥርስ ይበላል። ቀጥሎ ኮርቻው ከነእግሩ ይወጣል፤ የፊት ጎማው ይፈታል፤ መሪው በብሩጎላ ተላቆ ከላይኛው ብረት ጎን ይታሰራል። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ በቀላሉ ስለሚጣመም ተፈትቶ ወደ ውስጥ ቢታሰር ይመረጣል።

የፊት ጎማው የሚቀመጠው ሰንሰለቱ በሌለበት በግራ ጎን ነው፤ አክስሉ ግን ዋናውን ብረት መንካት የለበትም። ጎማውን የሚይዙት ሁለቱ የፊት ክንዶች ባዶ ከሆኑ በኋላ ከጎን ሲጫናቸው ስለሚጎብጡ በመካከላቸው የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መወጠሪያ ይገባል። ይህንንም መደብሮቹ ከካርቶኑ ጋር ይጥሉታል። የዲስክ ፍሬን ያለው ከሆነ በሸራዎቹ መካከል ወፍራም ወረቀት መክተት ያሻል፤ ያለዚያ በመንገድ ላይ የፍሬኑ እጀታ ቢጨበጥ ሸራዎቹ ይዘጉና ጎማው አልገባ ይላል።

ብረቱ በስፖንጅ ይጠቀለል፤ የአክስል ጫፎች በወፍራም ካርቶን ይሸፈኑ። ብሎኖችና ፔዳሎች በከረጢት ሆነው ከብስክሌቱ ጋር ይታሰሩ፤ ልቅ የሆነ ዕቃ የራሱን ጎረቤት ይፍቃል። ካርቶኑ ላይ "ይህ ጎን ወደ ላይ" ተብሎ ቢጻፍም መመኪያ አይሆንም። በጉዞው ላይ ጠፍጥፎ ሊተኛና ሌላ ጥቅል ሊጫንበት እንደሚችል አስቦ ማሸግ ነው። ለዚህም የተጠቀለለ ካርቶን እንደ ምሰሶ በሁለቱ ገጾች መካከል ማቆም ይጠቅማል፤ ካርቶኑ ወደ ውስጥ እንዳይሰረጉድ ይደግፈዋል። ሲጨረስ ካርቶኑን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ሥራው አላለቀም።

ዋጋው የሚቀነስበት በር

ግለሰብ ቆጣሪ ላይ ቀርቦ የሚከፍለው ዋጋና ብዙ የሚልክ ደንበኛ የሚከፍለው ዋጋ አንድ አይደለም። ባይክፍላይትስና ሺፕባይክስ የተባሉት ድርጅቶች የቆሙት በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የብዙ ላኪዎችን ጭነት አሰባስበው ከአጓጓዡ ቅናሽ ያገኛሉ፤ ከቅናሹም ለላኪው ያካፍላሉ። ለእኛ ደላሎች እንግዳ ሥራ አይደለም። በመሆኑም ቆጣሪ ላይ ከመሄድ በፊት የእነዚህን ዋጋ ማነጻጸር ይገባል።

ሌላው መንገድ የመድረሻ አድራሻ ነው። ወደ መኖሪያ ቤት የሚደርስ ጥቅል ተጨማሪ ክፍያ አለበት። ተቀባዩ ከሚያውቀው የብስክሌት መደብር ጋር ተስማምቶ በዚያ ቢቀበል ይህ ይቀርለታል፤ መገጣጠሙንም እዚያው ያስጨርሳል።

ዋስትናን በሚመለከት፣ ዩፒኤስም ሆነ ፌዴክስ የዕቃው ዋጋ ተለይቶ ካልተገለጸላቸው ተጠያቂነታቸው በ100 ዶላር የተወሰነ ነው። የ800 ዶላር ብስክሌት ልኮ ጥቂት ዶላር ለማዳን ዋጋውን ያላስመዘገበ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው መሆኑ ነው። ዋጋው ተመዝግቦ እንኳ አስተሻሸጉ ደካማ ከሆነ የካሣ ጥያቄው ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ስለሆነም የብስክሌቱን መለያ ቁጥርና እያንዳንዱን የማሸግ ደረጃ ፎቶ ማንሳት፣ የግዢ ደረሰኝ መያዝ፣ ጉዳት ቢገኝም ጉዳዩ እስኪያልቅ ካርቶኑን አለመጣል ያስፈልጋል።

ወደ አዲስ አበባ ሲሆን

ውቅያኖስ ሲሻገር ስሌቱ ያው ሆኖ አካፋዩ ይለያያል። ዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች በአብዛኛው ኩብ ሳንቲ ሜትሩን ለ5,000 ያካፍላሉ፤ የአየር ካርጎ ለ6,000። የምሳሌያችን ካርቶን በመጀመሪያው 40 ኪሎ፣ በሁለተኛው 33 ኪሎ ግድም ይመጣል። በጋራ ኮንቴይነር በባሕር በጅቡቲ በኩል ሲሆን የሚቆጠረው በሜትር ኩብ ነው። ካርቶኑ አንድ አምስተኛ ሜትር ኩብ ስለሚይዝ አምስት ብስክሌት አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ጊዜ ለማይቸኩለው ነጋዴ የሚያዋጣው ይህኛው ነው። የቀረጡን ነገር ዕቃው ከመነሳቱ በፊት የጉምሩክ አስተላላፊ ማማከር ይገባል።

በባትሪ የሚሠራ ብስክሌት ግን ለብቻው የሚታይ ነው። የሊቲየም ባትሪው በአደገኛ ዕቃ ደንብ ይገዛል። ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎነት መጫን ተከልክሏል። ሳይገልጹ ከካርቶኑ ውስጥ ደብቆ መላክ ገንዘብ ከማሳጣት አልፎ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ለማጠቃለል፣ ብስክሌት ለመላክ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማንሳት ያለበት ሚዛን ሳይሆን ሜትር ነው። ካርቶኑን ከታሸገ በኋላ፣ ከሁሉ ያበጠውን ቦታ ይለካ፤ ሦስቱን ልኮች ያባዛና በአጓጓዡ ቁጥር ያካፍል። የሚያገኘው ኪሎ ከብስክሌቱ የመሸጫ ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ትርፍ ካላሳየው፣ ብስክሌቱን እዚያው ሸጦ ገንዘቡን መላክ ይሻለዋል።