ይሉኝታና አዲሱ አደባባይ፤ ማኅበራዊ መገናኛ በከተማ ወጣቶች ልማድ ላይ ስላመጣው ለውጥ

ይሉኝታ የሚለው ቃል «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ትርጓሜውም አንድ ሰው ከመናገሩና ከማድረጉ አስቀድሞ «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ውስጣዊ ልጓም ማለት ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ ልጅ የሚታነጸው በምክርና በቅጣት ብቻ ሳይሆን በዚሁ ልጓም ጭምር ነው። ይሉኝታ ያጣ ሰው «ይሉኝታ ቢስ» ተብሎ ይነቀፋል፤ ይሉኝታ የበዛበት ደግሞ «ይሉኝታ ጎዳው» ተብሎ ይታዘንለታል። ስለዚህ ልጓሙ ሲላላም ሆነ ሲጠብቅ ጉዳት እንዳለው ሕዝቡ ራሱ ያውቃል።

ነገር ግን ይሉኝታ በባዶ ሜዳ አይሠራም፤ የታወቀ ሸንጎ ያስፈልገዋል። ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በመስጊድ ደጃፍ የሚገናኙ ምእመናን፣ የዕድር አባሎች፣ በለቅሶ ድንኳን ጎን ለጎን የሚቀመጡ ዘመዶች የዚህ ሸንጎ ታዳሚዎች ናቸው። ዛሬ ለከተማው ወጣት በእጅ ስልኩ ውስጥ ሌላ አደባባይ ተከፍቶለታል። ይህ አዲስ አደባባይ የስምን፣ የይሉኝታን፣ የሽልማትንና የመርዶን ልማድ እንዴት እንደ ለወጠ፣ ለውጡም ለወጣቱ ሰላምና ጤና ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ለባህል ጥናት ተገቢ ይሆናል።

ሀ. አደባባዩ እንዴት እንደ ተከፈተ

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእጅ ስልክም በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር የፊደል መደብ ውስጥ ስለ ገባ፣ አማርኛንና ትግርኛን በገዛ ፊደላቸው መጻጻፍ ቀስ በቀስ ቀላል ሆነ። ከዚያም ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ቴሌግራም በ2013 ተመሠረቱ፤ ቲክቶክም በ2017 ከቻይና ውጭ ላለው ዓለም ቀረበ። የስልክ አገልግሎት በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ቆይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይስተዋላሉ። አንደኛ፣ አብዛኛው ወጣት ወደዚህ አደባባይ የገባው በጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒዩተር ሳይሆን በኪሱ በሚይዘው ስልክ ነው፤ ስለዚህ አደባባዩ ከመኝታው፣ ከትምህርት ቤቱና ከታክሲው ወንበር አይለየውም። ሁለተኛ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ የሚበዛው ገጠሬ በመሆኑና አገልግሎቱንም ገና ስላላገኘ፣ ከዚህ በታች የሚባለው ሁሉ በይበልጥ የከተማውን ወጣትና በውጭ አገር የሚኖረውን ዘመዱን የሚመለከት ነው።

ለ. ስለ ስም

በጥንቱ ልማድ አንድ ሰው ብዙ ስሞች ነበሩት። ወላጆች የሚያወጡለት የዓለም ስም፣ በጥምቀት የሚሰጠው የክርስትና ስም፣ በቤት የሚጠራበት የቁልምጫ ስም፣ ጦረኛ ከሆነም የፈረስ ስም ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» መባላቸው የታወቀ ነው። የክርስትና ስምን ግን ድግምተኛ እንዳይጠቀምበት በመፍራት የሚሸሽጉ ብዙዎች ነበሩ። እንግዲህ ስምን እንደ ቦታው መለዋወጥም ሆነ መሰወር ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም።

አዲሱ አደባባይ በዚህ ልማድ ላይ ሁለት ለውጥ አድርጓል። የመጀመሪያው ከመዝገቡ አሠራር የመጣ ነው። ፌስቡክን የመሰሉ ድርጅቶች ተመዝጋቢውን የራሱን ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቁታል፤ ኢትዮጵያዊው ግን የአባት ስም እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገር የቤተሰብ ስም የለውም። ስለዚህ የአባቱን ስም በዚያ ቦታ ይሞላል፤ በዚህም አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ ሰዎች መስለው ይታያሉ። አንዳንዱ ወጣት ይህን ትቶ የሰፈሩን፣ የብሔረሰቡን፣ የእምነቱን ወይም የሚወደውን የእግር ኳስ ቡድን ስም ከራሱ ስም ጋር ያጣምራል። በዚህ ጊዜ ስሙ የተጠሪውን ወገን የሚናገር ዐርማ ይሆናል።

ሁለተኛው ለውጥ የብዕር ስም መብዛት ነው። በላይ ሲታይ ይህ የፈረስ ስምን ይመስላል፤ የሚገልጸው ማንነት ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፈረስ ስም የባለቤቱን ጀብዱ በአደባባይ የሚያሰማ፣ ባለቤቱም በፉከራ የሚጠራው ስለ ነበረ፣ በስሙ የተሠራው ሁሉ ክብርም ሆነ ዕዳ ወደ እርሱ ይመለስ ነበር። በስልክ ላይ ያለው የብዕር ስም ግን ባለቤቱን ይሰውራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ምሳሌ ሰውን የሚያስጠነቅቀው ስሙ የራሱ ሲሆን ነው፤ በማግሥቱ ሊጣል በሚችል ስም የተሰደበ ሰው ግን ካሣ የሚጠይቀው ባለዕዳ አያገኝም። የሆነ ሆኖ መሰወር ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ስለ ሕመሟ፣ ስለ ጋብቻዋ ወይም ስለ ደረሰባት በደል በቤቷ መናገር የምታፍር ልጃገረድ፣ ስሟን ሸሽጋ ምክር የምታገኝበት ቦታ ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሐ. ስለ ይሉኝታ

በቀድሞው ሸንጎ የሰው ጥፋት ዳርቻ ነበረው። ጎረምሳ በሰፈር ቢሳሳት የሚያየው ሰፈሩ ነው፤ የሚገሥጸውም የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ ከዕርቅ በኋላም ነገሩ ከጊዜ ጋር ይረሳል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ቢባልም እንኳ ቃሉ የሚደርሰው ሰሚው እስካለበት ድረስ ብቻ ነበር። በአዲሱ አደባባይ ግን ምስክሩ ዳርቻ የለውም፤ ምስክርነቱም በቁጥር ይመዘናል፤ የተባለውም ተመዝግቦ ይቀመጣል። በ15 ዓመት ዕድሜ የተነሣ ፎቶግራፍ ወይም የተነገረ የልጅነት ነገር፣ ልጁ ጐልማሳ ሆኖ ሥራ ሲፈልግ ወይም ሽማግሌ ሲልክ ሊመዘዝበት ይችላል።

ከዚህም የሚከብደው የታዳሚዎች መደባለቅ ነው። የሀገሩ ሥርዓት ወጣቱ ለንስሓ አባቱ በአንድ አንደበት፣ ለአጎቱ በሌላ፣ ለባልንጀራው ደግሞ በሦስተኛ እንዲናገር ያስተምረዋል። ይህ ግብዝነት ሳይሆን ለእያንዳንዱ የሚገባውን ክብር መስጠት ነው። በስልኩ አደባባይ ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሰሙታል። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች አንዱን ገጽ ለዘመድ፣ ሌላውን ለባልንጀራ አድርገው በሁለት ይከፍላሉ፤ የሁለቱ ገጾች ምሥጢር እንዳይገናኝም ይጨነቃሉ።

ይሉኝታ በስደተኛው ኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጫና በተለይ ሊታይ ይገባል። በዋሽንግተን፣ በሪያድ ወይም በቤይሩት የሚኖር ወጣት ለአገር ቤት የሚያሳየው መልካም ልብሱን፣ መኪናውንና የበዓል ገበታውን ነው። የሌሊት ሥራውን፣ የቤት ኪራዩን፣ በሰው ቤት የምትሠራዋ እኅቱ የሚደርስባትን ግፍ አያሳይም። የሚሰውረውም ለማታለል ብቻ ሳይሆን እናቱ እንዳታዝን፣ ጎረቤትም «ሄዶ ምን ፈየደ?» እንዳይል ነው። በአገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድም ግን ያየውን ፎቶግራፍ እንደ ሙሉ እውነት ይቀበላል፤ የራሱንም ኑሮ በዚያ ሚዛን ሲመዝነው ይቀልበታል። ቀድሞ ይህን ስሕተት ከስደት የተመለሰ ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ ያርመው ነበር፤ ዛሬ ፎቶግራፉ ከተመላሹ ቀድሞ ይደርሳል፤ በብዛትም ይበልጠዋል።

መ. ስለ ሽልማትና ስለ ስድብ

አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በሠርግና በጠጅ ቤት ሲዘፍን፣ የተመሰገነው ሰው ብር አውጥቶ በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አዝማሪው እንደ ማወደሱ ሁሉ መንካትና መሸርደድም ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን ስድቡ በሰምና ወርቅ የተሸፈነ፣ ልኩም በታዳሚው ፊት የሚታወቅ ነው። ከልኩ ቢያልፍ ጋባዡ ያስቆመዋል።

በቲክቶክ ላይ የቀጥታ ስርጭት የሚያደርጉ ሁለት ሰዎች በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ሆነው፣ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ከተከታዮቻቸው ስጦታ ለመሰብሰብ የሚወዳደሩበት ልማድ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በጣም ተስፋፍቷል። ስጦታው በእውነተኛ ገንዘብ የተገዛ ምስል ነው፤ ድርጅቱም ከዋጋው ድርሻውን ይወስዳል። ሰጪው፣ አንዳንዴም በውጭ አገር የሚኖር ሰው፣ ስሙ በአደባባይ ይጠራለታል፤ ይመሰገናል። በዚህ ረገድ የአዝማሪ ሽልማት ሥርዓት ከነፍሱ ወደ ስልክ ተዛውሯል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በጠጅ ቤቱ ሙገሳውን የሚያስከፍለው የግጥሙ ብልሃት ነበር፤ በዚህ ግን ጠብ ተመልካች ይሰበስባል፤ ተመልካቹም ስጦታ ያመጣል። ስለዚህ ያልተሸፈነ ስድብ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሊሆን ችሏል። ሥራ ላጣ ወጣት ይህ ቀላል ፈተና አይደለም፤ የሚያስቆመውም ጋባዥ የለም።

ሠ. ስለ መርዶ

ለውጡ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆረቁረው በመርዶ ልማድ ላይ ነው። በሥርዓቱ የሞት ወሬ ለቅርብ ዘመድ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመክራል፤ ነጋሪዎቹ ይመረጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ገና ጎሕ ሲቀድ ሰብሰብ ብለው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ሰዓቱ የተመረጠው ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያገኙት ነው፤ በብዛት የሚሄዱትም ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ሰው እንዳያጣ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ይህን ጠብቀዋል፤ ወሬው ከአገር ቤት ለወዳጅ ይደወላል፤ ወዳጆችም ተጠራርተው ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ መርዶ ወሬን ማድረስ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን አለመተው ነው።

አሁን ግን የሟቹ ፎቶግራፍ ከሻማ ምስልና «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር በደቂቃ ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል። ያወጣው ወጣት ክፋት የለበትም፤ ሐዘኑን በሚያውቀው መንገድ መግለጹ ነው። ነገር ግን ልጅ የእናቱን ሞት በሥራ ቦታ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ወይም በሌሊት ብቻውን ተኝቶ ሳለ ከስልኩ ሊያነብ ይችላል። እዚህ ላይ የጠፋው ሥርዓት ለጌጥ የተሠራ አልነበረም፤ ሰውን ከጉዳት የሚጠብቅ ጥበብ ነበር።

በሌላ በኩል ይኸው መሣሪያ የዕድርን ሥራ ሲሠራ ይታያል። ለታመመ ሰው የሕክምና ገንዘብ ይሰበሰብበታል፤ ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ስደተኛ ቀብሩን በምስል ይከታተልበታል፤ በልዩ ልዩ ክፍለ ዓለም የተበተኑ ወንድማማቾችም ተርዝካሩን ይመካከሩበታል።

ረ. ስለ ቋንቋና ስለ ወገን

ቀድሞ የማተሚያ ቤት በር በሰፊው ያልተከፈተላቸው ቋንቋዎች በዚህ አደባባይ ብዙ ጸሐፊ አግኝተዋል፤ የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ፣ የሶማሊኛና የሌሎችም ቋንቋዎች ወጣት ጸሐፊዎች ያለ ደጅ ጥናት ይጽፋሉ። አማርኛውም «ላይክ አደረገ»፣ «ሼር አደረገ»፣ «ብሎክ አደረገ» እያለ ባዕዱን ቃል በራሱ ረዳት ግሥ ያገባል።

ነገር ግን የወገን ስሜት የጠነከረበት መንገድ የጠብም መንገድ ሆኗል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በትግራይ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ተቈርጦ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ ከዘመዱ ተለይቶ ቆየ። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ወጣት ደኅንነት የሚያሰጋው የወሬ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የወሬ መጥፋትም ነው። እናቱ በሕይወት መኖሯን ለወራት ሳያውቅ የቆየ ልጅ ጭንቀት ከስልክ መብዛት የመጣ አልነበረም።

ሰ. ስለ ጤና

የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ካሉት የአገራቸው ልጆች እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ማኅበራዊ መገናኛ እንደሚጠቀሙ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ የሚቈዩበትም በአእምሮ ጤና መታወክ ረገድ አደጋቸው እጥፍ እንደሆነ አመልክተዋል። አውስትራሊያም ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእነዚህ ድርጅቶች ዘንድ ገጽ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥታ በ2025 መጨረሻ ሥራ ላይ አዋለች።

እነዚህን ቃሎች ወደ ኢትዮጵያ ሲያመጡ ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛ፣ ሁለት ነገር አብሮ መገኘቱ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ብቻውን አያስረዳም፤ ያዘነ ልጅም ከሰው ሸሽቶ ወደ ስልኩ ሊሄድ ይችላልና። ሁለተኛ፣ ጭንቀቱ በየባህሉ መልኩን ይለውጣል። በሌላ አገር ያለ ወጣት የሚያዝነው ራሱን ከእኩዮቹ ጋር በማወዳደር ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮጵያው ወጣት ግን ከዚህ በላይ የቤተሰቡን ስም ይሸከማል። አንዲት ልጃገረድ ያለ ፈቃዷ ፎቶግራፏ ቢሰራጭ፣ የሚዋረደው እርሷ ብቻ ሳትሆን አባቷና ወንድሞቿም ናቸው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሊያጽናናት የሚገባው ቤት ፈራጅ ሊሆንባት ይችላል። እንግዲህ የጉዳቱ ክብደት በስልክ ላይ በጠፋው ሰዓት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ከይሉኝታው ጥልቀት ጋር ይመዘናል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው አዲሱ አደባባይ የቈየውን ልማድ አጥፍቶ በባዶ ቦታ ላይ የተተከለ አይደለም። የፈረስ ስም፣ ይሉኝታ፣ የአዝማሪ ሽልማት፣ ዕድርና መርዶ ሁሉም በውስጡ ገብተዋል። የጐደለው ልማዶቹን በልክ ይይዛቸው የነበረው ሰው ነው፤ ይኸውም ስድቡን የሚያስቆም ጋባዥ፣ ጥፋቱን በዕርቅ የሚዘጋ ሽማግሌ፣ የመርዶውን ሰዓት የሚመርጥ ጎረቤት ነው።

ይህ ጉድለት በወጣቶቹ በራሳቸው ዘንድ ያልታወቀ አይደለም። ሰው ሲሞት በዘመዶችና በጓደኞች የመልእክት ቡድን ውስጥ «መርዶው እስኪነገር ፎቶ አታውጡ» ብለው የሚያሳስቡ ወጣቶች አሉ። ይህን ማሳሰቢያ ያዘዘ ሕግም ሆነ ድርጅት የለም፤ ያዘዘው ገና ያልሰማው ዘመድ የሚነግረው ሰው ሳይኖር ብቻውን እንዳያነበው የሚል ሐሳብ ነው። የባህል ተመራማሪም ከጥፋቱ ዝርዝር ጋር ይህን የመሰለውን አዲስ ሥርዓት፣ ገና ሲወለድ፣ ሊመዘግበው ይገባል።