ስማቸው በድንጋይ ላይ የሰፈረ ሴቶች

በደቡብ ህንድ፣ በታንጃቩር ከተማ፣ ከብሪሃዲስዋራ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ስንደርስ እንደ ሥርዓቱ ጫማችንን አወለቅን። ፀሐይ ያጋለችው ንጣፍ እግራችንን ቢለበልበውም፣ ዓይናችን ቁመቱ ወደ 60 ሜትር ገደማ ከሆነው የጥርብ ድንጋይ ግንብ አልተነቀለም። ለሺቫ የታነጸው ይህ ሕንፃ በንጉሥ ራጃራጃ ቾላ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1010 ተፈጸመ።

እኛን አብልጦ የያዘን ግን ጽሕፈቱ ነው። በድንጋዩ ላይ በታሚል ቋንቋ የተቀረጸው መዝገብ በንጉሡ ስጦታ ብቻ አይወሰንም። የጦር ክፍሎቹም ስም በዚያው ሰፍሯል። በቤተ መቅደሱ ያሸበሽቡ የነበሩ 400 ሴቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በስማቸው ተጽፈዋል፤ ከየት እንደ መጡ፣ በየትኛው ጎዳና፣ በየትኛው ረድፍ እንደሚኖሩ፣ ቀለባቸው ምን ያህል ሩዝ እንደሆነ ሳይቀር። (ቀለብ ተመዝግቦ መቀበልን እናንተ አንባብያን ታውቁታላችሁ!) አስጎብኚያችን አንዱን መሥመር ሲተረጉምልን፣ ከሺህ ዓመት በኋላ የሴትየዋን ቤት ጠይቀን የምንደርስበት መሰለን።