ትልቅ ጥርስ ሁልጊዜ አጥብቆ አይይዝም፦ የሞተር ጎማ ተረትና እውነታ ከሶፊ እስከ ጀጎል

በሐረርና በዙሪያዋ ለሞተሩ ጎማ የሚገዛ ሰው ከሱቅም፣ ከጎሚስታም፣ ከጓደኛም የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው። አስፋልት ብቻ የምትነዳ ከሆነ ለስላሳውን ውሰድ፤ ገጠር የምትገባ ከሆነ ጥርሳሙን ግዛ፤ ጥርሱ በገዘፈ መጠን መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ምክሩ ከቅንነት የሚመጣ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ችግሩ በሶፊ ወረዳ የሚኖርና የሚሠራ ሞተረኛ ከሁለቱ በአንዱ የማይመደብ መሆኑ ነው። ከሐረሪ ክልል 9 ወረዳዎች ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ የገጠር ሲሆኑ የቀሩት 6ቱ የከተማ ናቸው፤ ክልሉም ጠባብ ነው። ስለዚህ ከሶፊ ቀበሌዎች ተነሥቶ ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው በአንድ ጠዋት ጠጠር የተበተነበትን የአፈር መንገድም፣ የከተማውን አስፋልትም፣ አንዳንዴም የጀጎልን የድንጋይ ንጣፍ ያገኛል። ለዚህ ሰው ጎማ የሚያድነው ወይም የሚጥለው በቅድሚያ በያዘው ንፋስ፣ በዕድሜውና በሚሸከመው ጭነት ነው። የጥርሱ ቅርጽ ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ገበያው ግን ነገሩን ገልብጦ ስለ ጥርስ ብቻ ያወራል፤ ሰዎችም በዚህ የተነሣ ይጎዳሉ።

ጎማ መሬት የሚይዝበት መንገድ አንድ አይደለም። ጠንካራ በሆነ ነገር ላይ፣ ማለትም በአስፋልትና በድንጋይ ላይ፣ የሚይዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። ላስቲኩ በአስፋልቱ ጥቃቅን ሸካራነት ውስጥ ተጭኖ ይገባና ይጣበቃል። የሞተር ጎማ በማንኛውም ቅጽበት መሬት የሚነካበት ቦታ ከመዳፍ አይበልጥም። ጥርሶቹ ትላልቅና የተራራቁ ሲሆኑ ከዚያች መዳፍ ላይ ብዙው ክፍት ቦታ ይሆናል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ አስፋልት አይዝም። ከዚህም ሌላ ረጃጅም ጥርሶች ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ በኩርባ ላይ ወደ ጎን ይተጣጠፋሉ። መሪው የሚዋልል የሚመስለውም፣ ጎማው ቶሎ የሚግለውና መሐል ለመሐል ቶሎ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በጀጎል ውስጥ ለዘመናት እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ጥርሳም ጎማ ከተራ የከተማ ጎማ የባሰ ይንሸራተታል፤ ጥርሱ የሚቆፍረው ነገር የለምና። ጭቃና ለስላሳ አፈር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚይዘው ጥርሱ ነው፤ የላላውን ንብርብር አልፎ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል፣ ሲሽከረከርም ጭቃውን ይወረውራል። ጠባብ መስመር ያለው ጎማ ደግሞ በጭቃው ይደፈንና ልሙጥ ይሆናል።

በእነዚህ ሁለት መሬቶች መካከል ያለውን ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ደርቆ የጠነከረና ከላዩ ጠጠር የተበተነበት መንገድ ነው፤ በበጋ የምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር መንገድ አብዛኛው እንዲህ ነው። እዚህ ላይ ጥርሱ ምንም ቢረዝም የተረገጠውን መሬት አይበሳውም፤ ጠጠሩም ከሥሩ ይንከባለላል። ሞተሩን የሚያረጋጋው የጥርሱ ቁመት ሳይሆን የፍጥነት ልክ፣ ቀስ ብሎ የሚያዝ ፍሬንና ትክክለኛ ንፋስ ነው። በሐረር አካባቢ ዝናቡ በበልግና በክረምት ይመጣል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት በአመዛኙ ደረቅ ናቸው፤ በዝናቡም ወራት መንገዱ በየቀኑ ጭቃ አይደለም። ትልቅ ጥርስ የሚጠቅምበት ጊዜ ከዓመቱ ጥቂቱ ነው፤ ዋጋው ግን በየቀኑ አስፋልት ላይ ይከፈላል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ‹‹ያ ጥቂት ጊዜ ነው የሚጥለኝ፤ ጭቃው ያለበት ቀን ነው የምፈራው›› የሚል ሞተረኛ ስህተት አልተናገረም። ነገር ግን መውደቅ ሁሉ እኩል አይደለም። የአንድ ግጭት ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ ሞተር 20 ኪሎሜትር ከሚሄደው 9 እጥፍ ጉልበት ይዟል። ጭቃ ላይ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው በእርምጃ ፍጥነት ነው፤ ይቆሽሻል፣ እግሩ ይላላጥ ይሆናል፣ ሞተሩን አንሥቶ ይቀጥላል። አስፋልት ላይ ፊት ለፊቱ ሚኒባስ ድንገት ሲቆም የሚንሸራተት ጎማ ግን ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ ምርጫው ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ካለበት ፍጥነት ወዳለበት ወገን፣ ወደ አስፋልቱ ያዘንብል። ከጉዞው አብዛኛው አፈር የሆነ፣ ከተማ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚገባ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ገዘፍ ያለ ጥርስ ተገቢ ነው። በየቀኑ ሶፊና ሐረር ለሚመላለስ ሰው ግን የሚሻለው መሐሉ ላይ ጥርሶቹ የተጠጋጉ፣ ጠርዙ ላይ ከፈት ያሉ ቅይጥ ጎማ ነው። ሻጮች 80 ለ 20፣ 50 ለ 50 የሚሉት የአስፋልትና የአፈር ድርሻ የየአምራቹ ግምት እንጂ በአንድ ዓለም አቀፍ ሚዛን የተለካ አይደለም፤ የአንዱ 50 ለ 50 ከሌላው 70 ለ 30 ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ትቶ ጎማውን በዓይን ማየት፣ መሐሉ ላይ ላስቲኩና ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ መመልከት የበለጠ ይነግራል።

ሌላው ሥር የሰደደ እምነት የሚጎትተው የኋላው ጎማ ስለሆነ ደህናውን ለኋላ፣ ያለውን ለፊት ማድረግ ነው። የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ እሱ ይቀየራል፤ የፊቱ ‹‹ጥርሱ ገና ነው›› እየተባለ ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ሞተር የሚመራው በፊቱ ነው፤ አጥብቆ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር የማቆሙ ሥራ አብዛኛው እዚያ ላይ ይወድቃል። የኋላው ጎማ ሲንሸራተት ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜም ነዳጅ ቀነስ በማድረግ ይመለሳል። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ለማስተካከል ጊዜ አይኖርም። ለቅይጥ መንገድ ሁለቱን ማለያየት ካስፈለገም ትንሽ ከፈት ያለው ጥርስ ለፊት፣ የተጠጋጋው ለኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ኋላ ጥርሳም ፊት ልሙጥ ማድረግ አፈር ላይ ከሁሉ የከፋው አሰላለፍ ነው።

ስለ ንፋስ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ያለ ወጪ የሚገኝ ደህንነት እዚህ ላይ ይባክናል። ከሐረር በደንገጎ ኩርባዎች ወደ ድሬዳዋ ከመውረድ በፊት ‹‹ቆላ ስለሆነ ጎማው እንዳይፈነዳ ንፋስ ቀንስ›› የሚል ምክር አለ። ስሌቱን እንሥራ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር ይከብዳል፤ በዚህ 700 ሜትር ልዩነት መለኪያው የሚያሳየው የጎማ ግፊት ወደ 1 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ድሬዳዋ በአማካይ ከሐረር 7 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች ብንል፣ ሐረር ላይ 30 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ በዚህ ሙቀት ወደ 1 ፒኤስአይ ይጨምራል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ጎማው በመንዳት ሲግል የሚጨምረውን ደግሞ አምራቹ አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ በመመሪያው ላይ የሚሰጠው ቁጥር ሞተሩ ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ የሚለካ ነው። ንፋስ የተቀነሰበት ጎማ ግን በየዙሩ ይበልጥ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ፍንዳታን ፈርቶ ንፋስ የቀነሰ ሰው ወደ ፍንዳታው ቀረበ እንጂ አልራቀም።

በአፈር መንገድ ላይስ? ንፋስ መቀነስ በአሸዋና በጭቃ ላይ ጎማውን ስለሚያሰፋው ይጠቅማል፤ ይህ ተረት አይደለም። በኤረር ሸለቆና በባቢሌ በኩል ያለውን አሸዋማ መሬት የሚያውቅ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። የሚሳሳተው መጠኑ ላይና ተመልሶ መሙላቱ ላይ ነው። በዚህ አገር በሥራ ላይ ያሉት ትናንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ ካላማዳሪያ ያላቸው ናቸው። ንፋሱ በጣም ሲያንስ ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲላተም ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል፤ አንዳንዴም ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የንፋስ መሙያውን አፍ ይበጥሳል። ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ ጥቂት ፒኤስአይ መቀነስ በቂ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ደግሞ መሙላት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የናሳ ተመራማሪዎች የአውሮፕላን ጎማ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት አጥንተው ያወጡት ቀመር ፍጥነቱን ከጎማው ግፊት ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ቀመር 29 ፒኤስአይ ያለው ጎማ በሰዓት 90 ኪሎሜትር አካባቢ፣ 15 ፒኤስአይ ያለው ደግሞ 65 አካባቢ ይንሳፈፋል። የሞተር ጎማ ጠባብና ክብ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ውሃ ይከፍላል፤ ቁጥሩ እንዳለ አይወሰድ። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ውሃ በሞላበት አስፋልት ላይ የጎደለ ንፋስ የትኛውም ጥርስ የማይክሰው ጉድለት ነው። በግምት በአውራ ጣት ተጭኖ ‹‹ደህና ነው›› ማለትም አይበቃም። አነስተኛ የንፋስ መለኪያ ከጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ ከጎማውም ቀድሞ ሊገዛ ይገባዋል።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ የእኛ አገር ወጥመድ አለ። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ምልክት መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። 2317 ከተባለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2017 በ23ኛው ሳምንት ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ‹‹17››ን የ2017 ዓ.ም. ጎማ አድርጎ ሊወስደውና ካሰበው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚያረጅ ላስቲክ በአዲስ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይዝም። ያለቀ ጎማ ላይ በስለት ወይም በጋለ ብረት አዲስ ጥርስ ማስቀረጽም ቁጠባ መስሎ የሚታይ አደጋ ነው። ለዚህ ተብለው የሚሠሩ የከባድ መኪና ጎማዎች አሉ፤ ከሥራቸው ትርፍ ላስቲክ ተጨምሮላቸዋል። የሞተር ጎማ ይህ ትርፍ የለውም፤ ስለቱ የሚደርሰው ጎማውን አጥብቆ ወደያዘው ክር ነው።

ጭነትም እንዲሁ በጎማው ላይ ተጽፏል፤ ግን ጥቂት ሰው ያነበዋል። 3.00-17 በሚል የኋላ ጎማ ላይ 50ፒ የሚል ካለ፣ 50 ማለት ጎማው የሚሸከመው እስከ 190 ኪሎ፣ ፒ ማለት ደግሞ እስከ 150 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። 110 ኪሎ ከሚመዝን ሞተር ግማሹን፣ ከነጂው ክብደት ከግማሽ በላዩን፣ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ሙሉ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ፣ በላዩም የታሰረ 50 ኪሎ ጆንያ ብንደምር 190 በቀላሉ ያልፋል። ከበስተኋላ የሚንጠለጠል ጭነት ደግሞ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪው ቀለለኝ የሚል ሞተረኛ የሚመራበትን መያዣ እያጣ መሆኑን ይወቅ። ወፍራም ጎማ በማስገባት ይህን ለማካካስ መሞከርም አያዋጣም፤ ለጠባብ ቸርኬ ሰፊ ጎማ ሲገባ ቅርጹ ይጣመማል፣ ከሰንሰለቱም ጋር ሊፋተግ ይችላል።

‹‹ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው›› ይባል ይሆናል። ሞተር እንጀራው ለሆነ ሰው ሁለት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት ከባድ እንደሆነ አልክድም። ከላይ ካልኩት አብዛኛው ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ንፋስ መለካት፣ ቀን ማንበብ፣ ጆንያ ማውረድ በነጻ ነው። ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለም፣ የኋላው ክሩ እስካልታየና ጥርሱ መሐል ለመሐል ካለው የማለቂያ ምልክት በላይ እስካለ ድረስ፣ ያረጀው የፊቱ ይቅደም። አዲሱ ጎማ በገባ ጊዜ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣው ላስቲክ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎሜትር ያህል፣ በተለይ እርጥብ በሆነው የጀጎል ድንጋይ ላይ፣ ሞተሩን ሳያጋድሉና ፍሬን በድንገት ሳይዙ በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል።