ዋስ የሌላት እህት

«ዋስ አለሽ ወይ?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንጠራው ስም አናጣም። ባል አለን፣ ወንድም አለን፣ የሥራ ባልደረባና የዕድር ጎረቤት አለን። በፖሊስ ጣቢያ ይህ ጥያቄ ሲቀርብላት የምትጠራው አንድም ስም የሌላት እህት ግን አለች። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርስዋ ነው።

ኮምቦልቻን የሚያውቅ መንገዷን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ደረቅ ወደቡ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ የሚገኙት በዚህች ከተማ ነው። ከባድ መኪና በሚያድርበት ሁሉ ቡና ቤትና አልቤርጎ አለ። በዚያም ቤት ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣች ልጅ አለች።

ብዙዎቹ ሴተኛ አዳሪ ለመሆን ብለው ከቤታቸው አልወጡም። አንዷ ገና በልጅነቷ ተድራ ፈትታ የመጣች ናት። ሌላዋ ደላላ «የቤት ሠራተኛ ትሆኛለሽ» ብሎ ያመጣት ናት። ሦስተኛዋ የፋብሪካ ደመወዟ የቤት ኪራይ አልሸፍን ብሏት ማታ ማታ መውጣት የጀመረች ናት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ ቤተ ሰብ ተበተነ፤ ንብረት ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አገራችን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ተሰረዘች፤ ለውጭ ገበያ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች የነበሩ ሴቶችም እንጀራቸውን አጡ።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ምእመናን «ሴተኛ አዳሪነት በሕግ ያስቀጣል» ብለው ያስባሉ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን ገላዋን የምትሸጠውን ሴት በዚህ ብቻ ወንጀለኛ አያደርጋትም። አንቀጽ 634 በእስራትና በመቀጮ የሚቀጣው ሌላውን በማቃጠር የሚተዳደረውን፣ በሌላው ዝሙት አዳሪነት የሚጠቀመውንና ለዚሁ ተግባር ቤት የሚይዘውን ነው። ሕጉ ጣቱን የቀሰረው በእርስዋ ላይ ሳይሆን በእርስዋ በሚነግደው ላይ ነው።

ታዲያ እርስዋ ጣቢያ የምትገኘው ለምንድን ነው? ደንበኛው ሳይከፍል ሊሄድ ሲል ጠብ ይነሣል። ወይም ጠዋት ሲነቃ «ገንዘቤን ሰረቀችኝ» ይላል። ጎረቤት «ሰፈሩን አወከች» ብሎ ይከሳል። አንዳንዴም ከጎዳና በአፈሳ ትያዛለች። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የጎዳና ላይ ልመናንና ሴተኛ አዳሪነትን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ማዘጋጀቱን አስታውቆ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከመንገድ ላይ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ የት ትሂድ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በአንድ ክስ ሁለት ሰዎች ጣቢያ ቢደርሱ፣ መታወቂያና ዘመድ ያለው ዋስ ጠርቶ ይወጣል። የቀበሌ መታወቂያ የሌላት፣ ስሟን ቀይራ የምትኖር፣ ወላጆቿ የት እንዳለች የማያውቁ ሴት ግን ጉዳይዋ ቀላል ቢሆንም እንኳ ትቆያለች። የምትታሰረው በጥፋቷ ልክ ሳይሆን በብቸኝነቷ ልክ ይሆናል።

እስሩ አጭር ቢሆንም ጣጣው ረጅም ነው። ልጇን ማን ያሳድርላት? የአልጋ ኪራይዋ በየቀኑ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2006 ዓ.ም. ገደማ ኮምቦልቻን ጨምሮ በ11 ከተሞች ባደረገው ጥናት፣ ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች ከአራቱ አንዷ ገደማ ኤች አይ ቪ በደሟ ተገኝቶባታል። መድኃኒት የጀመረች ሴት ክኒኗን ሳትይዝ ብትታሰር ምን እንደሚሆን አስቡ። ስትፈታም ዕዳዋን የምትከፍልበት መንገድ ያው የትናንቱ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ጣቢያን እንደ ተከሳሽ የምታውቅ ሴት ስትደበደብና ስትደፈር ወደዚያው ሄዳ ለመክሰስ አትደፍርም። ይህንንም የሚደበድባት ሰው ያውቃል።

ይሁዳ የተማረው ነገር

መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን ታሪክ አይሸሽገውም። በዘፍጥረት 38 ይሁዳ መንገድ ዳር የተቀመጠች ሴት አይቶ ወደ እርስዋ ገባ፤ ለዋጋዋም ቀለበቱን፣ አምባሩንና በትሩን መያዣ ሰጠ። ምራቱ ትዕማር መሆንዋን አላወቀም። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ትዕማር አርግዛለች ሲባል፣ ወጥታ እንድትቃጠል የፈረደው ይኸው ሰው ነው። ገዢው ፈራጅ ሆኖ ተቀመጠ! መያዣዎቹ በፊቱ ሲቀርቡ ግን እርስዋ ከእርሱ ይልቅ ጻድቅ እንደ ሆነች መሰከረ።

ከአምስት ምዕራፍ በኋላ ይሁዳን እንደ ገና እናገኘዋለን። በዘፍጥረት 43 በአባቱ ፊት ቆሞ ለብንያም ራሱን ዋስ አድርጎ ያቀርባል። ቀድሞ ዕቃውን መያዣ የሰጠው ሰው፣ አሁን ራሱን መያዣ ያደርጋል። የማቴዎስ ወንጌል የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲዘረዝር ትዕማርንና ረዓብን በስማቸው ይጠራል። ወደ ዕብራውያን ምዕራፍ 7 ደግሞ ጌታ ኢየሱስን ዋስ ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ በዋስ የዳንን እኛ፣ ዋስ ለሌላት ምን ልንሆን ይገባናል?

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ቤታችንንም ይመለከታል። በየጣቢያው መዝገብ የእርስዋ ስም ይጻፋል፤ የገዢው ስም ግን አይታወቅም። እርሱ የአንዲት ሚስት ባል፣ የልጆች አባት ነው። ለሥራ ረጅም መንገድ የምትሄዱ ወንድሞች፣ ስለ ማደሪያችሁና ስለ ብቸኝነታችሁ ከሚስቶቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። እህቶችም፣ ይህን ርእስ «የውጭ ሰዎች ጉዳይ» ብለን አንዝጋው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መብቷን እንወቅላት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በዋስ የመፈታት መብትንም፣ ሕግ ከሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ያረጋግጣል። በአንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በዘመዶቹ፣ በጓደኞቹና በሃይማኖት አማካሪዎቹ እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። በሩ ለአገልጋዮች ክፍት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ብስለት ያላቸው ሁለት እህቶች አብረው ይሂዱ። ምግብና የንጽሕና ዕቃ ይያዙ፤ ስለ ልጇና ስለ መድኃኒቷ ይጠይቁ። ጸሎት ከፈለገች አብረዋት ይጸልዩ፤ እርዳታው ግን የጸሎት ዋጋ አይሁን።

ሦስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የሕግ ባለሙያ አማክረው፣ ጉዳዩን መዝነው፣ ዋስ ሊሆኑላት የሚችሉ ሰዎችን ያዘጋጁ። የዋስትና ኃላፊነት ቀላል አይደለምና በስሜት ብቻ አይገባበትም።

አራተኛ፣ ከተፈታች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወር እናስብ። የአንድ ወር ኪራይ፣ መታወቂያ ለማውጣት አብሮ የሚሄድ ሰው፣ እምነት የሚጣልበት አሠሪ ያስፈልጓታል። ወደ ጉባኤያችን ብትመጣም ታሪኳን በመድረክ እንድትናገር አንጎትጉታት። ታሪኩ የእርስዋ ነው።

የተወደዳችሁ፣ በዚህ ሳምንት ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። በከተማችሁ ጣቢያ ያለች አንዲት ሴት «ዋስ አለሽ ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ፣ ከጉባኤያችሁ የማንን ስም ትጠራ ይሆን? ጌታ ልባችንን ይክፈትልን።