በውኃ ላይ ስለሚሄዱ ትንንሽ ፍጥረቶች

ክረምቱ አልፎ ወንዙ ጠርቶ በሚወርድበት ጊዜ፥ ከዳር ቆሞ ላስተዋለ ሰው በውኃው ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሯሯጡ ቀጫጭን ነፍሳት ይታዩታል። አይዋኙም፤ አይበሩምም፤ እኛ በሜዳ ላይ እንደምንሄድ እነርሱ በውኃ ላይ ይሄዳሉ። ልጆቻችን «ስለ ምን አይሰጥሙም?» ብለው በጠየቁን ጊዜ መልስ እንዳናጣ፥ ደግሞም ከነገሩ ውስጥ ለቤት የሚጠቅም ምክር ስለሚገኝ፥ ስለ እነርሱ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ፥ የውኃ ፊት እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ ያለ ኀይል አለው። ማስረጃ የሚሻ ሰው በቤቱ ሊያገኘው ይችላል። በሳሕን ንጹሕ ውኃ ይሙላ፤ ደረቅ መርፌም በስስ ወረቀት ላይ አጋድሞ በቀስታ በውኃው ላይ ያኑር። ወረቀቱ ርሶ ሲሰጥም፥ መርፌው ብረት ሆኖ ሳለ ከላይ ይቀራል። ከዚህ በኋላ አንዲት ጠብታ የሳሙና ውኃ ቢጨምርበት መርፌው ይሰጥማል፤ ሳሙና የውኃውን ውጥረት ያላላዋልና።

የነፍሳቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ክብደታቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ እግራቸውም ውኃ በማያርሳቸው ብዙ ሺሕ ደቃቅ ጠጕሮች ተሸፍኗል። ጋኦና ጂያንግ የተባሉ የቻይና ሊቃውንት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓመት እንዳስታወቁት፥ አንዱ እግር ብቻውን የሰውነትን ክብደት 15 ጊዜ ያህል ሊሸከም ይችላል። ከስድስቱ እግሮች ሁለቱ የፊተኞች አጫጭር ሆነው ምግብ ይይዛሉ፤ የመካከለኞቹ ይቀዝፋሉ፤ የኋለኞቹ አቅጣጫ ይመራሉ። ምግባቸው በውኃ ላይ የወደቀ ትንኝና ዝንብ ሲሆን፥ የወደቀው ሲንፈራገጥ የሚያስነሣውን ትንሽ ሞገድ በእግራቸው ያውቁታል።

በፈሳሽ ወንዝ የሚኖሩት ደግሞ የተለየ መሣሪያ አላቸው። ራጎቬሊያ የምትባለው በመካከለኞቹ እግሮቿ ጫፍ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ጠጕር ስላላት ወራጁን ውኃ ተቋቁማ ወደ ላይ ትወጣለች። ማይክሮቬሊያ የምትባለው ግን ስትደነግጥ ምራቋን ወደ ኋላዋ ትተፋለች። ምራቁ በስተ ኋላ ያለውን ውጥረት ሲያላላው፥ በስተ ፊት ያለው ጠንክሮ ይስባትና በፍጥነት ታመልጣለች። ሳሙና የሚሠራውን ሥራ እርስዋ በጥቂቱ ለመዳኛዋ ታውለዋለች ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ምክር እናገኛለን። አንደኛው፥ በወንዝ ውስጥ ልብስ በሳሙና ማጠብ የእነዚህን ፍጥረቶች ወለል ከሥራቸው ማፍረስ ነው፤ በታች ለሚቀዳው ጎረቤትም እጣቢ መስደድ ነው። ስለዚህ ውኃውን በገንዳ ቀድቶ፥ ከወንዙ ራቅ ብሎ ማጠብና እጣቢውን በመሬት ላይ ማፍሰስ ይገባል።

ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል። እነዚህ ነፍሳት ስለሚታዩበት ብቻ ውኃው ንጹሕ ነው ብሎ መጠጣት አደገኛ ስሕተት ነው። ዓሣ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ሲተነፍስ፥ እነርሱ ግን የሚተነፍሱት እንደ እኛ ከላይ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ከበታቻቸው ያለው ውኃ ቢበከል እንኳ ከላዩ ሊመላለሱ ይችላሉ። የሆድ በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን ደግሞ ከደቃቅነታቸው የተነሣ በዓይን አይታዩም። የውኃው መጥራትም ሆነ የእነዚህ ፍጥረቶች መገኘት ምስክር አይሆንም። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ሳይፈላ ለልጆች እንዳይሰጥ የቤቱ አባትና እናት ይጠንቀቁ።